የጋሼ ይማም የሮማ ወታደሮች

ገና ልጅ ሳለሁ፣ የሮማ ወታደሮች ሁሉ የወሎ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። በብርድ ጊዜ ቡልኮ ተከናንበው ዘብ ይቆማሉ፤ ጠላት ሲመጣ «ዘራፍ» ብለው ይነሣሉ፤ እያንዳንዳቸውም የፈረስ ስም አላቸው። እንዲህ አድርገው የነገሩን ጋሼ ይማም ናቸው። ጋሼ ይማም ደሴ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው እትዬ ፋጡማ ወደ ሜልበርን ያስመጧቸው ሽማግሌ ነበሩ።

እነሱም እኛም የምንኖረው ፍሌሚንግተን፣ ከሬስኮርስ ሮድ አለፍ ብለው ከቆሙት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ውስጥ ነበር። አርብ ማታ እናቶቻችን ሺፍት ይገባሉ፣ አባቶቻችን ታክሲ ይነዳሉ፤ ስለዚህ የሕንጻው የአበሻ ልጆች ከመግሪብ በኋላ ጋሼ ይማም ቤት እንሰበሰባለን። እኔ ነበርኩ፤ በዕድሜ እኩያዬ የሆነው ኑረዲን ነበረ፤ ስድስት ዓመት ያልሞላት እህቱ ሐያት ነበረች፤ ሁልጊዜ አንድ ትራስ የሚጋሩ ሁለት መንትዮችም ነበሩ። ጋሼ ይማም ትልቁን መብራት አጥፍተው፣ ቢጫ ባርኔጣ ያላትን ትንሿን መብራት መሬት ላይ ያስቀምጧታል። የጋዝ ሂተሩ ፊቱ እየቀላ ይመጣል፤ ከመስኮቱ በታች ትራሙ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ ያኔ እሳቸው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ «በሩ ላይ ማን አለ?» ይላሉ። እኛም አንድ ላይ፣ «እኛ አለን!» ብለን እንጮኻለን። ተረቱ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ኑረዲን አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ሁልጊዜ ሮማን ብቻ? ስለ እኛ ሰዎች ለምን አይነግሩንም?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

«የእኛን ሰዎች አባትህም ይነግርሃል» አሉት። «እነዚህ ግን ምስኪኖች ናቸው። ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ የሚጠራቸው ዘመድ እንኳ የላቸውም።»

ስለዚህ እኛ ዘመዶቻቸው ሆንን። ንስር የተቀረጸበትን የጦር ዓርማ የሚሸከመውን ሰው እናውቀው ነበር። መርከቦቹ ወደ ብሪታኒያ ዳርቻ ሲቀርቡ ወታደሩ ሁሉ ጥልቁን ውሃና ዳር ላይ የቆመውን ጠላት ፈርቶ ሲያመነታ፣ እሱ ግን ፈጣሪውን ለምኖ፣ «ዓርማችሁን ለጠላት አሳልፋችሁ መስጠት ካልፈለጋችሁ ዝለሉ፤ እኔ ግን የድርሻዬን እወጣለሁ» ብሎ ብቻውን ባሕር ውስጥ ገባ። የዚህን ሰው ስም የጻፈልን የለም። ጋሼ ይማምን ይህ ነገር ያሳዝናቸው ነበር፤ ስለዚህ አባ ቅደም አሉት። ፑሎንና ቮሬኑስንም እናውቃቸው ነበር፤ ማን ይበልጣል እያሉ ዓመቱን ሙሉ ሲነታረኩ ኖረው፣ ሰፈራቸው በጠላት በተከበበ ቀን አንዱ ቀድሞ ከምሽግ ሲዘል ሌላው ተከትሎ የዘለለ፣ አንዱ ሲከበብ ሌላው ያዳነው፣ ሌላው ሲወድቅ ደግሞ ያኛው የደረሰለት። አባ ሰንጥቅና አባ ድረስ። ከሁሉ በላይ የምንወደው ግን ስኬቫን ነበር፤ አባ መክት። አንዲት ትንሽ ምሽግ በር ላይ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑ በቀስት ጠፍቶ፣ ትከሻውና ጭኑ ቆስሎ፣ በሩን አላስነካም ያለው። ውጊያው ሲያበቃ ጋሻውን አምጥተው ቢቆጥሩት ከመቶ በላይ ቀዳዳ ተገኘበት። ይህን ሲናገሩ ጋሼ ይማም መዳፋቸውን ዘርግተው በጣቶቻቸው መካከል ወደ መብራቷ ያያሉ፤ የእጃቸው ጥላ ግድግዳው ላይ የተበሳሳ ጋሻ ይመስላል።

የፈረስ ስም ለሮማውያኑ ብቻ አልነበረም። በሳምንቱ ውስጥ ከእኛ መካከል የሚነገር ነገር የሠራ ልጅ ካለ ስም ይወጣለት ነበር። ጥብቅ ሕግ ግን ነበረው። ሰው ስለ ራሱ መናገር አይችልም። ያየው ሌላ ሰው ተነሥቶ መፎከር አለበት፤ ጋሼ ይማምም እንደ ዳኛ ይጠይቁታል፦ ማን ነው? የት ነው? ምን አደረገ? አንተ የት ቆመህ አየኸው? የአገራችን ሰው ስለ ራሱ ይፎክራል፤ እሳቸው ግን፣ «እነዚህን ወታደሮች ያወቅናቸው ያያቸው ሰው ስለ ጻፈ ነው፤ እኔ ቤትም እንደዚያው ነው» ይሉ ነበር።

ኑረዲን ስም ነበረው። የአንዱ መንታ ቦርሳ ፎቁ ሥር ካለው ጅረት ውስጥ ሲገባ በብርድ ዘሎ ስላወጣው አባ ሞገድ ተብሏል። መንትዮቹም ነበራቸው። ሐያት እንኳ ነበራት፤ የትምህርት ቤቱን ሥዕል የቀደደችው እሷ ሆና ሌላ ልጅ ሲቆጡት እጇን አውጥታ ስለ ተናገረች አባ ሐቁ ሆናለች።

«ሴት እንዴት አባ ትባላለች?» አለ ያን ዕለት ኑረዲን።

«አባ የሚባለው ፈረሷ ነው» አሉ ጋሼ ይማም። «አንተ ምን ቸገረህ?»

እኔ ብቻ ስም አልነበረኝም። ይህን የምለው ለማሳዘን አይደለም፤ በትክክል የሚገባኝ ነገር ስለ ነበር ነው። እኔ መንገድ ስሻገር መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እንኳ ግራ ቀኝ የማይ፣ የቤት ሥራዬን ጨርሼ እንደ ገና ከመጀመሪያው የማረጋግጥ፣ ልጆቹ ሲሮጡ «ቆይ፣ ቆይ» የምል ልጅ ነበርኩ። ኑረዲን ከዚያ ተነሥቶ አባ ቆይ የሚል ስም አወጣልኝ፤ ጋሼ ይማም ግን ያለ ምስክር የወጣ ስም አይጸናም ብለው ሻሩት። ስም ያላቸው ከሂተሩ ፊት ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ። ስም የሌለው በሩ አጠገብ ነው፤ ብርድ በሚገባበት። እዚያ ሁለት ክረምት ተቀምጫለሁ።

በሁለተኛው ክረምት እናቴና አባቴ ሜድስቶን የሚባል ሰፈር ቤት ተከራዩ። ወሩ ሲያልቅ እንገባለን ተባለ። ሁሉም ደስ አለው፤ ጓሮ አለው፣ ሊፍት የለውም፣ ትልቁ ሾፒንግ ሴንተር ቅርብ ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከዚህ ከሄድኩ፣ ጋሼ ይማም ስማቸውን ከሚጠሯቸው ሰዎች መካከል ሳልገባ ልቀር ነው። ከስኬቫ ጋር የአንድ ቤት ሰው ሳልሆን። አሁን ስጽፈው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር አላውቅም ነበር።

ክረምቱ በጠናበት ሳምንት የጋሼ ይማም ሂተር ተበላሸ። ሠሪው የሚመጣው ሰኞ ነው፤ እትዬ ፋጡማ ሥራ ናቸው፤ እኛ ደግሞ አርብ ማታ ኮታችንን እንደ ለበስን ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብለን እንንቀጠቀጣለን። ጋሼ ይማም ለእንዲህ ያለው ነገር መላ አያጡም። በበጋ በቆሎ የሚጠብሱባትን ፈርኔሎ ይዘው፣ እኔን አስከትለው ወደ ታች ወረዱ። ፎቁ ሥር፣ ሣሩ ላይ፣ ከሰሉን አያያዙት። ጭሱ ወደ ዓይኔ እየመጣ ስሸሸው እየተከተለኝ፣ ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ ከሰሉ ጥቁርነቱን ጨርሶ ለቀቀና ውስጡ እንደ ብርቱካን ቀላ።

«ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ችግር አያመጣም? የጭስ አላርሙስ?» አልኳቸው።

«ጭስ የለው፣ ምን አይቶ ይጮኻል?» አሉ። «ከሰል ሰው የሚያፍነው ጥቁር ሳለ ነው፤ እንዲህ ፍም ከሆነ በኋላ ሙቀት ብቻ ነው የሚሰጥህ።»

ይህ ስሕተት መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። እሳቸውም አላወቁም። አገር ቤት ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን እዚያ ቤቱ በጣራውም በበሩም ይተነፍሳል፤ እዚህ መስኮቱ እንደ ጠርሙስ ክዳን ነው የሚገጥመው። ሊፍት ውስጥ አንዲት ሴትዮ ፈርኔሎዋን አይታ አፈጠጠች፤ ጋሼ ይማም በትሕትና፣ «ባርቤኪው» አሏት። ቤት ስንገባ ፍሙን መካከል አደረጉት፤ ብርድ እንዳይገባም በበሩ ሥር ወፍራም ፎጣ ወተፉ።

እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያን ማታ ያማረ ማታ አልነበረም። የሂተሩ ቅላት ምን ጊዜም የሂተር ነው፤ ይህ ግን እሳት ነበር። ፍሙ ላይ ስስ አመድ እንደ ሐር ይለብስና፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ተገፎ ከሥሩ ቀዩ ብቅ ይላል። የጋሼ ይማም ፊት ከታች በርቶ፣ ጉንጫቸው ላይ ያለው ሽበት መዳብ መስሎ፣ ደሴ ያለ አንድ ሌላ ሰው ሆነው ታዩኝ። መንትዮቹ ትራሳቸውን ወደ ፍሙ አስጠጉ። ሐያት ግድግዳውን ተደግፋ እግሮቿን ዘረጋች። ኑረዲን ከኳስ ልምምድ ዘግይቶ መጣ፤ ምንጣፉ ስለ ሞላ እየተነጫነጨ እኔ አጠገብ፣ በሩ ሥር ተቀመጠ።

«አባ ሞገድ በበር ላይ» ብሎ በራሱ ላይ አላገጠ። «እንዴት ነው የምትኖርበት እዚህ?»

ተረቱ የስኬቫ ነበር። በጋሼ ይማም ቤት ተረት ሲነገር መነሣትም መናገርም ክልክል ነው። ያቋረጠ ልጅ አንድ ወር አይመጣም፤ መንትዮቹ ላይ ሲፈጸም አይቼዋለሁ፤ ልቅሶም ምልጃም አላዳናቸውም። ለእኔ አንድ ወር ማለት ሜድስቶን ማለት ነበር።

ጋሼ ይማም ስኬቫን በሩ ላይ አቆሙት። ቀስቱ እንደ በረዶ ወረደ። አንዱ ዓይኑን መታው። «ነቅሎ ጣለው፤ ፊቱንም ሳያዞር...» ካሉ በኋላ ትንሽ ዝም አሉና፣ እንደ ገና ቀስቱ መጥቶ ዓይኑን መታው። እኔ ቀና አልኩ። ይህን ተረት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ቀስቱ የሚመጣው አንዴ ነው። ምናልባት ለማሳመር ይሆናል ብዬ ለራሴ መለስኩ። ቀጠሉ፦ «አባ ድረስ ጋሻውን አነሣና...» አሉ። አባ ድረስ ቮሬኑስ ነው። ስኬቫ አባ መክት ነው። ጋሼ ይማም የራሳቸውን ልጅ ስም ይሳሳቱ ይሆናል እንጂ ይህን አይሳሳቱም።

ራሴን ያመኝ ጀምሮ ነበር። ማንቀላፋቴም የድካም ይመስለኝ ነበር። አንድ በአንድ ለማሰብ ሞከርኩ፤ ሐሳቤ ግን እንደ ጭቃ ይዞኝ ይቀራል። ምሳ በልቻለሁ፤ አላመመኝም፤ ትናንት በደንብ ተኝቻለሁ። ታዲያ ምንድን ነው? ያኔ ጋሼ ይማም ሁላችንም ወደምንወደው ስፍራ ደረሱ። ጠላት ወደ በሩ ተጠጋ፤ እሳቸውም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «በሩ ላይ... ማን አለ?» አሉ።

«እኛ አለን!» አለ ኑረዲን ብቻውን።

ሌላ ማንም አልመለሰም። ሐያት ይህን ቃል ለመጮኽ ስትል ሽንቷን ይዛ የምትቆይ ልጅ ናት። አሁን አፏን ከፍታ፣ አንገቷ ወደ ትከሻዋ ወድቆ ተኝታለች። መንትዮቹም ተኝተዋል። በዚህ ስፍራ ላይ በዓለም ማንም ልጅ አይተኛም። በዚህ እርግጠኛ ነበርኩ፤ በሕይወቴ እርግጠኛ ከሆንኩባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው።

ተነሣሁ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በሩን ልክፈተው» አልኩ።

ጋሼ ይማም እንደ ሕልም ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ሊቆጡ አፋቸውን ቢከፍቱም ቃሉ አልመጣላቸውም። ኑረዲን ሱሪዬን ያዘ።

«ሲት ዳውን፣ አባ ቆይ። አብደሃል? አንድ ወር ነው የሚያባርሩህ። ስም የሚባል ነገር እርሳው።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ልቀቀኝ። እህትህን እያት።»

አልለቀቀኝም። ፎጣውን ስስብ ትከሻዬን በቡጢ መታኝ፤ ልክ እንደ ሰከረ ሰው ቡጢው ኃይል አልነበረውም፤ የእኔም መግፋት እንደዚያው። ቢሆንም ፎጣው ወጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ የኮሪደሩ ብርድ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ፊቴን መታኝ። ሐያትን በብብቷ ይዤ ጎተትኳት። ኑረዲን ሊቀማኝ ጎንበስ አለ፤ ስሟን ጠራ፤ እንደ ገና ጠራ፤ አልነቃችም። ያኔ ፊቱ ተለወጠ። አንድ ቃል ሳይናገር እግሮቿን አነሣ፤ ሁለታችን ኮሪደሩ ላይ አስተኛናት። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሰን መንትዮቹን ከነትራሳቸው ጎተትናቸው። ጋሼ ይማም ሊነሡ ሞክረው በጉልበታቸው ወደቁ፤ ኑረዲን በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሆነን ነጠላቸውን ይዘን ሳብናቸው። እሳቸው ግን፣ «ልጆቹ፣ ልጆቹ» ይሉ ነበር፤ ልጆቹ ወጥተዋል ብንላቸው አይሰሙም።

ከማዶ ያሉት ቬትናማዊት ጎረቤት በጩኸቱ በራቸውን ከፍተው ብርድ ልብስ አመጡ፤ ስልካቸውንም ሰጡኝ። ለአደጋ ጊዜ ወደሚጠራው ትሪፕል ዜሮ ደወልኩ። አድራሻውን ሁለት ጊዜ ተናገርኩ፤ የፎቁን ቁጥር ለማረጋገጥ ወደ በሩ ተመልሼ አየሁ።

የእሳት አደጋ ሰዎች ሲመጡ አንደኛው ሽታ የሌለውን የከሰል መርዝ መለኪያ ይዞ ገባ፤ መለኪያው ይጮኽ ጀመር። ተመልሶ ወጥቶ፣ በሩን የከፈተው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። ማናችንም አልመለስንም። ሁላችንም ጥፋተኛ የሚፈለግ መስሎን ነበር። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ መሬት መሬት አየሁ። ሆስፒታል ወስደው ኦክስጅን ሰጡን፤ ሐያት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያለችው፣ «ዲድ ሂ ዊን?» ነበር። ስኬቫ አሸንፎ እንደ ሆነ ነው የጠየቀችው። እናቷ አለቀሱ፤ ኑረዲን ሳቀ፤ ከዚያ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በነጋታው ሁላችንም በደኅና ወደ ቤታችን ተመለስን።

እናቴ፣ «አንተ ነህ በሩን የከፈትከው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«በሩ አጠገብ ስለ ነበርኩ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም። ከፍሙ ርቄ፣ ፎጣውን አልፎ ትንሽ ብርድ ከሚገባበት ተቀምጬ ባይሆን ኖሮ እኔም እንደ ሌሎቹ እተኛ ነበር። ጀግንነት ነው ወይስ የመቀመጫ ነገር?

በሚቀጥለው አርብ ማንም ልጅ አልተላከም። ከዚያ በኋላ ባለው አርብ፣ እኛ ሜድስቶን ልንገባ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ እትዬ ፋጡማ ወደ እናቶቻችን ደወሉ። ሂተሩ ተሠርቷል፤ ፈርኔሎዋ ተጥላለች፤ አባታቸው ግን አይበሉም፣ አይናገሩም፤ እባካችሁ ልጆቹ ይምጡ አሉ። እናቴ ብዙ ካሰበች በኋላ ራሷ አደረሰችኝ፤ መስኮቱ ክፍት መሆኑን አይታ ነው የሄደችው።

ጋሼ ይማም ትንሿን መብራት አላበሩም ነበር። ሁላችንን አንድ በአንድ አዩን።

«ዛሬ ተረት የለም» አሉ። «ተረት ልጅን ያነቃል ብዬ ነበር የምነግራችሁ። እኔ ግን አስተኛኋችሁ። በቃኝ።»

እኔ ቦታዬ፣ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ሕጉን ስለ ጣስኩ መምጣትም አይገባኝም ነበር፤ ማንም ሳያስታውሰው ልሰናበታቸው ብዬ ነው የመጣሁት። ያኔ ኑረዲን ከምንጣፉ ላይ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘራፍ» አለ፤ ድምፁ ተሰነጠቀና መንትዮቹ ሳቁ። «ዝም በሉ እናንተ፣ ተኝታችሁ ነበር። ዘራፍ! የምፎክረው ለራሴ አይደለም። ምስክር ነኝ።»

ጋሼ ይማም ቀና ብለው ሳያዩት፣ «ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉት።

«አልቀመጥም፣ ጋሼ። ይጠይቁኝ። ሕጉ ነው።»

የአስተማሪነታቸው ነገር አሸነፋቸው መሰለኝ።

«ማን ነው?» አሉ ዝግ ብለው።

«እሱ» አለ ወደ እኔ እያመለከተ።

«የት ነው?»

«እዚችው ቤት፣ በሩ ላይ።»

«ምን አደረገ?»

«እርስዎን አቋረጠ» አለ ኑረዲን። «ሁሉም ሲተኛ እሱ ተነሥቶ በሩን ከፈተ። እህቴን አወጣ። ከዚያ እነዚህን ሁለት ሰነፎች አወጣ። እርስዎንም አወጣ። እኔም ረድቻለሁ፤ ግን መጀመሪያ እሱ ነው።»

«አንተ የት ቆመህ አየኸው?»

የኑረዲን ጆሮ ቀላ።

«ሱሪውን ይዤው ነበር» አለ። «ተቀመጥ አልኩት። ሰደብኩት። በቦክስም መታሁት። እህቴ እየሞተች እኔ እሱን ስመታ ነበር። ስለዚህ ከእኔ በላይ የቀረበ ምስክር የለም።»

ማንም አልሳቀም። ጋሼ ይማም አሁን ቀና ብለው አዩት።

«ሲያቋርጠኝ ሕጉን ያውቅ ነበር?»

«ያውቃል። እኔም ነግሬዋለሁ።»

«ስም እንደማያገኝስ?»

«እሱንም ነግሬዋለሁ። ‹አውቃለሁ፣ ልቀቀኝ› አለኝ።»

ጋሼ ይማም ወንበራቸውን በሁለት እጅ ተደግፈው ተነሡ። ስም ሲያወጡ ቆመው አያውቁም ነበር፤ ለኑረዲንም ለማንም። ነጠላቸውን እንደ ትልቅ ቀን አጣፉት። ወደ በሩ መጥተው መዳፋቸውን ራሴ ላይ አደረጉ፤ ክብደቱ አሁንም ይሰማኛል።

«አባ ቀስቅስ» አሉ። «ሁሉ ሲተኛ ያልተኛው፣ አዛውንቱን ያላፈረው፣ የተኛውን የቀሰቀሰው። አባ ቀስቅስ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ።»

መንትዮቹ ትራሱን ወደ ላይ ወረወሩት። ሐያት፣ «አባ ቀስቅስ! አባ ቀስቅስ!» እያለች በምንጣፉ ዙሪያ ሮጠች። እኔ የማደርገውን አጣሁ፤ ማልቀስም መሳቅም መጣብኝና ሁለቱንም አደረግሁ። ኑረዲን መጥቶ በክርኑ ገፋ አደረገኝ።

«ሂድ፣ ቦታዬን ያዝ። ዛሬ በሩ ላይ እኔ ነኝ።»

ከሂተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ምንጣፉ ከሩቅ ከሚመስለው በላይ ይሞቃል። ጋሼ ይማም ትንሿን መብራት አበሯትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ለመሆኑ ስኬቫን የት ላይ ነው ያቋረጥከኝ? እኔ እንደ ሆነ ጠፍቶብኛል።»

«ጠላት ወደ በሩ ሲጠጋ ነው» አልኩ። «ዓይኑ ጠፍቷል፤ ትከሻው ገና አልቆሰለም።»

«እንግዲያ ካወቅኸው አንተው ጨርሰው።»

ጨረስኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያው ተረቴ ነበር። ቃል እንዳልስት እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በሐሳቤ አንዴ እያልኩ ነበር የምናገረው። ትከሻው ቆሰለ፤ ጭኑ ቆሰለ፤ ስኬቫ እጅ የሚሰጥ መስሎ ሁለት ጠላት አስጠጋና ሁለቱንም መለሳቸው። «በሩ ላይ ማን አለ?» ስል የመጣው መልስ ቤቱን ስላናወጠው የታችኛው ፎቅ ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ደበደበ። ጋሼ ይማም ከሁላችንም በላይ ጮኸው ነበር። ከዚያም፣ «እትዬ ፋጡማ እራት አስቀርተዋል?» ብለው እኛ እንደምንጠራቸው አድርገው የገዛ ልጃቸውን ጠየቁ፤ ጠግበው እስኪነሡ አብረናቸው በላን።

አሁን ጋሼ ይማም የሉም። እኔ ሜድስቶን አድጌ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የእነዚያን ወታደሮች ነገር ከጥንት ሰዎች ጽሑፍ ፈልጌ አነበብኩ፤ እንደ ልማዴ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ጋሼ ይማም ብዙውን ትክክል ነበሩ። የስኬቫ ጋሻ ቀዳዳ አንዱ ጸሐፊ መቶ ሃያ ሲለው ሌላው መቶ ሠላሳ ይለዋል፤ ለካ «ከመቶ በላይ» ያሉት አውቀው ነው። ቡልኮ ግን የለም። ፈረስ ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ሁሉም እግረኞች ነበሩ። ያለ ፈረስ የፈረስ ስም ይዘው እኛ ቤት ኖሩ።

ዓርማ ተሸካሚውም በእውነት ስሙ አልተጻፈም። ይህን ባነበብኩ ቀን ግን እንደ ጋሼ ይማም አላዘንኩም። መርከቡ ላይ ቆሞ ሲዘል ያየው ሰው ነበረ፤ ያየውም ተናገረ፤ ሌሎቹም ተከትለው ዘለሉ። ለአንድ ሰው ከዚያ በላይ ምን ያስፈልገዋል?

በራሴ ነገር ዛሬም እጠራጠራለሁ። በዚያ ማታ ያዳነን ድፍረቴ ይሁን የተቀመጥኩበት ስፍራ፣ ብዙ ጊዜ አስቤው ለይቼ አልጨረስኩትም። ኑረዲን ግን እስከ ዛሬ ስልክ ሲደውል «ሃሎ» አይልም፤ «አባ ቀስቅስ» ነው የሚለው፤ ሰው መካከል ብሆን እንኳ ድምፁን ዝቅ አያደርግም። እኔም በበኩሌ የጋሼ ይማምን ሕግ አከብራለሁ። ሰው በራሱ ጉዳይ ላይ ምስክር መሆን አይችልም። ስለዚህ ጥርጣሬዬን ለራሴ ትቼ፣ «አቤት» እለዋለሁ።